የካፓሲተር መጠንና የቮልቴጅ ጣሪያ አነባበብ በኤሌክትሮኒክስ ንድፍ ላይ

ካፓሲተር የኤሌክትሪክ ሙልን ወይም ቻርጅን ለጊዜው አከማችቶ መልሶ የሚለቅ የኤሌክትሮኒክስ ክፍል ነው። ኮንደንሰር በሚለው የቆየ ስሙም ይጠራል። በአንድ መሣሪያ የሰርኪት ንድፍ ላይ ከካፓሲተሩ ምልክት ጎን ብዙውን ጊዜ ሁለት ቁጥሮች ይጻፋሉ። አንደኛው የካፓሲተሩ መጠን ሲሆን በፋራድ ክፍልፋዮች ይለካል። ሁለተኛው ካፓሲተሩ ሳይበላሽ ሊሸከመው የሚችለው ከፍተኛ ቮልቴጅ ነው፤ በዚህ ጽሑፍ የቮልቴጅ ጣሪያ ተብሏል።

የሁለቱ ቁጥሮች ሥራ የተለያየ ነው። መጠኑ ሰርኪቱ እንዴት እንደሚሠራ ይወስናል፤ ጣሪያው ደግሞ ካፓሲተሩ በዚያ ቦታ መቆየት መቻል አለመቻሉን ይወስናል። በዚህ ምክንያት ምትክ ሲፈለግ መጠኑ ከተጻፈው ጋር መመሳሰል አለበት፤ ጣሪያው ግን ከተጻፈው ሊበልጥ ይችላል እንጂ ሊያንስ አይገባም።

በንድፎች ላይ የሚገኙት ፊደላት የላቲን ናቸው። በዚህ ጽሑፍ ሲ፣ ኤን፣ ፒ እየተባሉ በአጠራራቸው ቀርበዋል።

ስያሜ

የካፓሲተር መነሻ ሌይደን በተባለችው የኔዘርላንድ ከተማ ስም የሚጠራው የመስታወት ማሰሮ ነው። ጀርመናዊው ኤቫልድ ጌኦርግ ፎን ክላይስት በ1745 እ.ኤ.አ.፣ ብዙም ሳይቆይ የሌይደኑ ፒተር ፋን ሙሸንብሩክ ለየብቻቸው ደረሱበት። ጣሊያናዊው አሌሳንድሮ ቮልታ በ1782 እ.ኤ.አ. መሣሪያውን አጠራቃሚ ወይም አጥባቂ የሚል ትርጉም ባለው ቃል ሰየመው። ኮንደንሰር የሚለው ስም የመጣው ከዚያ ነው። የመለኪያው ስም ፋራድ ደግሞ ከ1791 እስከ 1867 እ.ኤ.አ. ከኖረው እንግሊዛዊ ሳይንቲስት ከማይክል ፋራዳይ የተወሰደ ነው። ቮልት የሚለው መለኪያም ከቮልታ ስም የመጣ ነው።

ምልክቱ

ካፓሲተር በመሠረቱ ኤሌክትሪክ በማያስተላልፍ ነገር የተለያዩ ሁለት የብረት ገጾች ነው። የንድፍ ምልክቱም ይህንኑ ያሳያል፤ ሳይነካኩ ትይዩ የቆሙ ሁለት አጫጭር መስመሮች ናቸው። ከምልክቱ አጠገብ ሲ የሚለው ፊደልና ተራ ቁጥር ይጻፋል። ሲ 1፣ ሲ 2፣ ሲ 3 የክፍሎቹ መለያ ስሞች እንጂ መጠኖች አይደሉም። ጀማሪ አንባቢ ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ሲ 10 ማለት በንድፉ ላይ አሥረኛ ተብሎ የተሰየመው ካፓሲተር ነው እንጂ 10 ማይክሮፋራድ ማለት አይደለም።

የመደመር ምልክት ያለበት፣ ወይም አንዱ መስመር የጎበጠ ምልክት ብዙውን ጊዜ አዎንታዊና አሉታዊ ጫፍ ያለውን ካፓሲተር ያመለክታል። በአንዳንድ የአውሮፓ ንድፎች አዎንታዊው ገጽ ባዶ ሳጥን፣ አሉታዊው ደግሞ የተሞላ ሳጥን ሆኖ ይሳላል። የዚህ ዓይነቱ ካፓሲተር በአብዛኛው ኤሌክትሮሊቲክ ነው። ተገልብጦ ከተገጠመ ይግላል፣ ያብጣል፣ ሊፈነዳም ይችላል። በአሉሚኒየም ኤሌክትሮሊቲክ አካል ላይ ያለው ቀጥ ያለ መስመር አሉታዊውን እግር ያሳያል፤ በታንታለም ካፓሲተር ላይ ግን መስመሩ የሚያሳየው አዎንታዊውን ነው። ሁለቱን ማምታታት የተለመደ የብልሽት ምክንያት ነው።

መለኪያና ቅጥያዎች

አንድ ፋራድ ማለት በአንድ ቮልት አንድ ኩሎም ሙል የሚይዝ ካፓሲተር መጠን ነው። ይህ ለተራ ሰርኪት እጅግ ትልቅ ስለሆነ በንድፍ ላይ የሚገኙት ክፍልፋዮቹ ናቸው፦

• ማይክሮፋራድ፦ የፋራድ አንድ ሚሊዮንኛ። ቅጥያው ሚዩ የተባለው የግሪክ ፊደል ነው፤ በብዙ ንድፎች ላይ በሚመስለው በላቲኑ ዩ ተተክቶ ይጻፋል።
• ናኖፋራድ፦ የፋራድ አንድ ቢሊዮንኛ። ቅጥያው ኤን ነው።
• ፒኮፋራድ፦ የፋራድ አንድ ትሪሊዮንኛ። ቅጥያው ፒ ነው።

አንዱ ወደ ሌላው የሚለወጠው በ1,000 በማባዛት ወይም በማካፈል ነው። 1 ማይክሮፋራድ 1,000 ናኖፋራድ፣ ወይም 1,000,000 ፒኮፋራድ ነው። በዚህ መሠረት 0.1 ማይክሮፋራድ፣ 100 ናኖፋራድና 100,000 ፒኮፋራድ ሦስት አጻጻፍ ያላቸው አንድ ካፓሲተር ናቸው። ንድፉ በአንዱ ሲጽፈው ሱቁ በሌላው ሊጠራው ስለሚችል ይህን ልወጣ በቃል መያዝ ይጠቅማል።

ቁጥሮቹም በዘፈቀደ የተመረጡ አይደሉም። 10፣ 15፣ 22፣ 33፣ 47 እና 68 የሚሉት አኃዞች በየደረጃው ይደጋገማሉ። ፋብሪካዎች የሚያመርቱት በዚህ መደበኛ ተከታታይ ስለሆነ 4.7፣ 47 ወይም 470 በብዛት ይገኛል፤ 50 ማይክሮፋራድ ግን በዘመናዊ ንድፍ ላይ ብርቅ ነው።

በንድፍ ላይ የሚገኙ አጻጻፎች

ፊደል በአስርዮሽ ነጥብ ቦታ። በብዙ ንድፎች ላይ 4.7 ናኖፋራድ የሚጻፈው በ4 እና በ7 መካከል ኤን ገብታ ነው፤ 4 ኤን 7 ተብሎ ይነበባል። 2 ፒ 2 ደግሞ 2.2 ፒኮፋራድ ነው። የዚህ አጻጻፍ ጥቅም ግልጽ ነው። ንድፍ በፎቶ ኮፒ ሲባዛ ወይም ሲያንስ ነጥብ በቀላሉ ይጠፋል፤ 4.7 የነበረው 47 ሆኖ ይነበባል። ፊደል ግን አይጠፋም።

ፋራድ ሳይጠቀስ። 100 ኤን ወይም 22 ፒ ተብሎ ሲጻፍ ፋራድ የሚለው ተትቷል። ነገሩ ካፓሲተር መሆኑ ከምልክቱ ስለሚታወቅ ቅጥያው ብቻውን ይበቃል።

ምንም መለኪያ ሳይጻፍ። አንዳንድ ንድፍ 0.01 ወይም 220 ብሎ ያልፋል። እንዲህ ሲሆን መጀመሪያ የሚታየው የንድፉ ኅዳግ ነው። እዚያ ብዙ ጊዜ፣ ሌላ ካልተጠቀሰ በቀር ካፓሲተሮች ሁሉ በማይክሮፋራድ ናቸው፣ ጣሪያቸውም ይህን ያህል ቮልት ነው የሚል ማስታወሻ ይገኛል። ማስታወሻ ከሌለ በቆዩ የአሜሪካ የሬዲዮ ንድፎች የተለመደው ደንብ ከአንድ የሚያንሰውን ቁጥር በማይክሮፋራድ፣ ከአንድ የሚበልጠውን ሙሉ ቁጥር በፒኮፋራድ ማንበብ ነው። ኤሌክትሮሊቲክ ግን ከዚህ ደንብ ውጭ ነው፤ የመደመር ምልክት ካለው ቁጥሩ በማይክሮፋራድ ይነበባል።

የቆየው ኤም። በድሮ ንድፎች ላይ ኤም ኤፍ ወይም ኤም ኤፍ ዲ የሚለው የሚሊ ቅጥያ ቢመስልም ማይክሮፋራድ ማለት ነው። ኤም ሁለት ጊዜ ከተደገመ ፒኮፋራድ ይሆናል። ይህን ሳያውቅ የሚያነብ ሰው በ1,000 እጥፍ ይሳሳታል።

በእዝባር የተለየ ጥንድ። 10/25 ተብሎ ሲጻፍ ከእዝባሩ በፊት ያለው መጠን፣ ከእዝባሩ በኋላ ያለው የቮልቴጅ ጣሪያ ነው። ይኸውም 10 ማይክሮፋራድ፣ 25 ቮልት ማለት ነው።

በክፍሉ አካል ላይ ያለው ኮድ

ከንድፉ የተነበበውን በቦርዱ ላይ ለማግኘት በካፓሲተሩ አካል ላይ የታተመውን ማወቅም ያስፈልጋል። ትልልቆቹ ኤሌክትሮሊቲኮች መጠኑንና ጣሪያውን በግልጽ ይጽፋሉ። ትንንሾቹ ሴራሚክና ፊልም ካፓሲተሮች ግን ቦታ ስለሌላቸው ባለ ሦስት አኃዝ ኮድ ይይዛሉ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት አኃዞች እንዳሉ ይወሰዳሉ፣ ሦስተኛው የሚጨመሩትን ዜሮዎች ብዛት ይነግራል፣ ውጤቱም በፒኮፋራድ ነው።

• 101፦ 100 ፒኮፋራድ
• 222፦ 2,200 ፒኮፋራድ ወይም 2.2 ናኖፋራድ
• 473፦ 47,000 ፒኮፋራድ ወይም 47 ናኖፋራድ
• 104፦ 100,000 ፒኮፋራድ ወይም 100 ናኖፋራድ

ከኮዱ ቀጥሎ ያለው ፊደል ከተጻፈው መጠን ምን ያህል ልዩነት እንደሚፈቀድ ያሳያል። ጄ 5 በመቶ፣ ኬ 10 በመቶ፣ ኤም 20 በመቶ ወደ ላይም ወደ ታችም ማለት ነው። ከኮዱ በፊት ቁጥርና ፊደል ካለ ግን የሚያመለክተው የቮልቴጅ ጣሪያውን ነው። 1 ሲ 16 ቮልት፣ 1 ኢ 25 ቮልት፣ 1 ኤች 50 ቮልት፣ 2 ኤ 100 ቮልት፣ 2 ጂ 400 ቮልት፣ 2 ጄ 630 ቮልት ነው። በዚህ መሠረት 2 ኤ 104 ጄ የሚል ጽሑፍ 100 ናኖፋራድ፣ 100 ቮልት፣ 5 በመቶ ልዩነት ተብሎ ይነበባል።

የቮልቴጅ ጣሪያ ትርጉም

በካፓሲተር ላይ 25 ቮልት ተጽፎ ሲገኝ ካፓሲተሩ 25 ቮልት ይሰጣል ወይም በውስጡ ሁልጊዜ 25 ቮልት አለ ማለት አይደለም። 5 ቮልት ባለበት ሰርኪት ውስጥ ከገባ በላዩ የሚኖረው 5 ቮልት ብቻ ነው። ቁጥሩ ወሰን ነው። ከዚያ ካለፈ በሁለቱ ገጾች መካከል ያለው ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ ስስ ሽፋን ይበሳል።

የተለመዱት ጣሪያዎች 6.3፣ 10፣ 16፣ 25፣ 35፣ 50፣ 63፣ 100፣ 160፣ 200፣ 250፣ 400 እና 450 ቮልት ናቸው። ንድፍ አውጪዎች ሰርኪቱ ላይ ከሚጠበቀው ቮልቴጅ በላይ ትርፍ ያለው ጣሪያ ይመርጣሉ። ለ5 ቮልት መስመር 10 ወይም 16 ቮልት፣ ለ12 ቮልት መስመር 25 ቮልት ማየት የተለመደ ነው።

በሴራሚክ ካፓሲተር ዘንድ ትርፉ ሌላም ምክንያት አለው። ትልቅ መጠን በትንሽ አካል የሚይዙት የሴራሚክ ዓይነቶች በላያቸው ያለው ቮልቴጅ ወደ ጣሪያቸው ሲጠጋ መጠናቸው ይቀንሳል። 10 ማይክሮፋራድ፣ 6.3 ቮልት የተባለ ትንሽ ሴራሚክ በ5 ቮልት ላይ ሲሠራ ከመጠኑ ግማሹን ወይም ከዚያ በላይ ሊያጣ ይችላል። በዚህ ጊዜ ጣሪያው መጠኑን ጭምር ይነካል ማለት ነው።

በንድፉ ላይ ጣሪያ ያልተጻፈበት ካፓሲተር ማንኛውንም ቮልት ይችላል ማለት አይደለም። ጣሪያው በኅዳጉ ማስታወሻ፣ በክፍሎች ዝርዝር ወይም ከመስመሩ ቮልቴጅ ይወሰዳል።

የ220 ቮልት መስመር ስሌት

በሐዋሳ ከተማ ቡሹሎ ያለ የግድግዳ ሶኬት ከአዲስ አበባው ወይም ከባሕር ዳሩ አይለይም፤ የኢትዮጵያ መደበኛ የቤት መስመር 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። ነገር ግን 220 የሚለው ቁጥር የተለዋዋጩ ጅረት ውጤታዊ ዋጋ እንጂ ጫፉ አይደለም። ጫፉ የሚገኘው በ1.414 ሲባዛ ነው፤ 220 ሲባዛ በ1.414 ወደ 311 ቮልት ይሆናል። ተለዋዋጩ ጅረት በዳዮዶች አልፎ ወደ ቀጥተኛ ጅረት ሲለወጥ ማጣሪያው ካፓሲተር የሚሞላው እስከዚህ ጫፍ ድረስ ነው።

በስልክ ቻርጀር፣ በቴሌቪዥንና በኮምፒውተር ፓወር ሰፕላይ ንድፍ ላይ ከመግቢያው ዳዮዶች ቀጥሎ ያለው ካፓሲተር 400 ወይም 450 ቮልት የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው። መስመሩ 220 ስለሆነ 250 ቮልት ይበቃል ብሎ ማሰብ ስሕተት ነው፤ 250 ከ311 ያንሳል። መስመሩ ከፍ ብሎ 240 ቮልት ቢደርስ ጫፉ 339 ቮልት ይሆናል፤ 400 ቮልቱ ለዚህም ትርፍ አለው።

ይኸው ስሌት በትንሽ ቮልቴጅም ይሠራል። 220ን ወደ 12 የሚያወርድ ትራንስፎርመርና አራት ዳዮድ ያለው ፓወር ሰፕላይ እንውሰድ። የ12 ቮልት ጫፍ 17 ቮልት ያህል ነው። በአንድ ጊዜ የሚያስተላልፉት ሁለት ዳዮዶች ወደ 1.4 ቮልት ስለሚያስቀሩ ለካፓሲተሩ 15.6 ቮልት ይደርሰዋል። 16 ቮልት ጣሪያ ያለው የሚበቃ ይመስላል። መስመሩ በ10 በመቶ ከፍ ሲል ግን ካፓሲተሩ ላይ የሚደርሰው ከ17 ቮልት ያልፋል። ጭነት የሌለው ትራንስፎርመርም ከተጻፈበት በላይ ይሰጣል። ስለዚህ በንድፉ ላይ 25 ቮልት ይጻፋል።

የ12 ቮልት የሶላር ፓነልም እንዲሁ ነው። ምንም ሳይያያዝበት ፀሐይ ላይ ሲቀመጥ 21 ወይም 22 ቮልት ገደማ ስለሚያሳይ፣ በቀጥታ ከፓነሉ ጋር የሚገናኝ ካፓሲተር 16 ቮልት ሊሆን አይችልም።

ከባለ 120 ቮልት አገር የሚመጡ መሣሪያዎች

ከአሜሪካ ወደ ኢትዮጵያ በዘመድ እጅ የሚመጡ አንዳንድ መሣሪያዎች የተሠሩት ለ120 ቮልት ብቻ ነው። የ120 ቮልት ጫፍ 170 ቮልት ያህል ስለሆነ በንድፋቸው ላይ የመግቢያው ካፓሲተር ጣሪያ ብዙ ጊዜ 200 ቮልት ነው። እንዲህ ያለው መሣሪያ የሶኬት መለወጫ ብቻ ተደርጎለት በ220 ቮልት ላይ ቢሰካ በ200 ቮልቱ ካፓሲተር ላይ 311 ቮልት ይመጣል። ውጤቱ ፍንዳታና ጭስ ነው። የሶኬት መለወጫ የእግሩን ቅርጽ ይለውጣል እንጂ ቮልቴጁን አያወርድም፤ ለዚህ ከ220 ወደ 110 ወይም 120 የሚያወርድ ትራንስፎርመር ያስፈልጋል። በመሣሪያው ጀርባ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ከተጻፈ ግን መሣሪያው ሁለቱንም መስመር ይችላል።

በቆዩ የጠረጴዛ ኮምፒውተሮች ፓወር ሰፕላይ ላይ 115 እና 230 የሚል ትንሽ ማብሪያ ይገኛል። በንድፉ ላይ በመግቢያው ሁለት ባለ 200 ቮልት ካፓሲተሮች በተከታታይ ተቀጥለው ይታያሉ። ማብሪያው 230 ላይ ሲሆን ሁለቱ 311 ቮልቱን ስለሚካፈሉ ለእያንዳንዱ 155 ቮልት ገደማ ይደርሰዋል። ማብሪያው 115 ላይ ሲሆን ሰርኪቱ ቮልቴጅ እጥፍ የሚያደርግ ይሆናል፤ እያንዳንዱ ካፓሲተር ለብቻው እስከ መስመሩ ጫፍ ይሞላል። በ115 ቮልት አገር ይህ ትክክል ነው። በኢትዮጵያ መስመር ላይ ግን ለእያንዳንዱ ባለ 200 ቮልት ካፓሲተር 311 ቮልት ይደርሰዋል።

ለተለዋዋጭ ጅረት የሚሠሩ ካፓሲተሮች

በቮልቴጁ አጠገብ ኤሲ ወይም ዲሲ የሚል ካለ መዘለል የለበትም። የጣሪያ ቬንቲሌተርና የውሃ ፓምፕ ሞተር ካፓሲተር ለምሳሌ 450 ቮልት ኤሲ ተብሎ ይጻፋል። ይህ በተለዋዋጭ ጅረት ላይ ያለማቋረጥ የሚሠራ ዓይነት ነው። 450 ቮልት ዲሲ የሚል ኤሌክትሮሊቲክ ቁጥሩ አንድ ስለሆነ ብቻ ሊተካው አይችልም፤ አዎንታዊና አሉታዊ ጫፍ ያለው ካፓሲተር አቅጣጫው በየጊዜው የሚገለባበጥ ጅረት አይችልም።

በፓወር ሰፕላይ መግቢያ ላይ የሚገኙት ኤክስ እና ዋይ የሚባሉት ካፓሲተሮችም የተለየ ደረጃ አላቸው። የኤክስ ዓይነት በሁለቱ የመስመር ሽቦዎች መካከል ይገባል። የዋይ ዓይነት ከመስመሩ ወደ መሬት ወይም ሰው ወደሚነካው የመሣሪያው ክፍል ይያያዛል። የዋይ ካፓሲተር ሁለቱ ገጾቹ ተነካክተው ቢበላሽ የመሣሪያው አካል ሰውን በኤሌክትሪክ ሊመታ ስለሚችል በጥብቅ መስፈርት ይሠራል። በንድፍ ላይ ኤክስ 2 ወይም ዋይ 1 ተብሎ የተጻፈ ካፓሲተር በተራ ካፓሲተር አይተካም፤ የዋይም ቦታ በኤክስ አይሞላም።

የንባብ ምሳሌ

በአንድ ትንሽ የሬዲዮ ንድፍ ላይ ሦስት ካፓሲተሮች እንዲህ ተጽፈዋል እንበል፦

• ሲ 1፣ 2200/25፣ የመደመር ምልክት ያለው። 2,200 ማይክሮፋራድ፣ 25 ቮልት ኤሌክትሮሊቲክ ነው። ከዳዮዶቹ ቀጥሎ ስለሚገኝ ሥራው ማጣራት ነው። 2,200 ማይክሮፋራድ፣ 35 ቮልት ሊተካው ይችላል፤ 16 ቮልት ግን አይችልም።
• ሲ 2፣ 100 ኤን። 100 ናኖፋራድ ነው። በቦርዱ ላይ 104 የሚል ሴራሚክ ሆኖ ይገኛል። ጣሪያው አልተጻፈም፤ መስመሩ 12 ቮልት ስለሆነ የተለመደው 50 ቮልት ይበቃል።
• ሲ 3፣ 22 ፒ። 22 ፒኮፋራድ ነው። ድግግሞሽ በሚወስን ክፍል ውስጥ ከሆነ መጠኑ በጥቂቱ እንኳ ሲለወጥ ሬዲዮው ከጣቢያው ይንሸራተታል። እዚህ ዋናው ጥንቃቄ ለመጠኑና ለሚፈቀደው ልዩነት ነው።

ምሳሌው አንድ ነገር ያሳያል። የትኛው ቁጥር ይበልጥ ጥብቅ እንደሆነ የሚነግረው ካፓሲተሩ በሰርኪቱ ውስጥ ያለበት ቦታ ነው። በኃይል መግቢያ ላይ ጣሪያው፣ በድግግሞሽ መወሰኛ ላይ መጠኑ ይቀድማል።

ምትክ ሲጠፋ

የሚፈለገው ካፓሲተር በገበያ ላይ ካልተገኘ ከሁለት ትንንሾች ሊሠራ ይችላል። ሁለት ካፓሲተሮች ጎን ለጎን በትይዩ ሲያያዙ መጠናቸው ይደመራል፤ ጣሪያቸው ግን የትንሹ ይሆናል። ሁለት እኩል ካፓሲተሮች በተከታታይ ሲያያዙ መጠናቸው ግማሽ ይሆናል፤ ጣሪያቸው እጥፍ ይሆናል። በተከታታይ ሲሆን ግን ቮልቴጁ እኩል እንዲከፈል በእያንዳንዱ ላይ ሬዚስተር ይጨመራል፤ አለበለዚያ አንዱ ከድርሻው በላይ ሊሸከም ይችላል።

ጣሪያው ከፍ ያለ ካፓሲተር ብዙ ጊዜ በአካሉም ስለሚተልቅ በቦርዱ ላይ መግባቱ አስቀድሞ ይለካል። ኤሌክትሮሊቲክ ከሆነ በአካሉ ላይ የተጻፈው የሙቀት ደረጃም ይታያል። 105 ዲግሪ ሴልሺየስ የሚለው በ85 ዲግሪ አይተካም። በተለመደው ግምት የካፓሲተሩ ሙቀት በ10 ዲግሪ ሲጨምር ዕድሜው በግማሽ ያጥራል።

ጥንቃቄ

በንድፍ ላይ 400 ቮልት የተጻፈበት ካፓሲተር መሣሪያው ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ሙሉ ሊሆን ይችላል። የተከማቸው ኃይል የመጠኑ ግማሽ በቮልቴጁ ካሬ ሲባዛ ይገኛል። በ311 ቮልት የተሞላ 100 ማይክሮፋራድ ወደ 4.8 ጁል ይይዛል፤ ይህም ሰውን ክፉኛ ለመምታት የሚበቃ ነው።

ሁለቱን እግሮች በጠመንጃ መፍቻ አነካክቶ ማስለቀቅ ብልጭታ ያስነሳል፣ ክፍሉንም ይጎዳል። ትክክለኛው መንገድ እጀታው በደንብ በተሸፈነ መሣሪያ ተይዞ ሬዚስተርን በሁለቱ እግሮች መካከል ማገናኘት ነው። በ10 ኪሎኦም ሬዚስተር ይህ 100 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር በ5 ሰከንድ ውስጥ ወደ 2 ቮልት ገደማ ይወርዳል። ከዚያ በኋላ እጅ ከመግባቱ በፊት ቀሪው ቮልቴጅ በመልቲሜትር ይለካል።